የአባቶች ቀን በሆላንድ
የሆላንድ ልጆች በጁን ወር 3ኛው እሑድ የአባቶችን ቀን ያከብራሉ (በጎረቤት ቤልጅግ በአብዛኛው 2ኛው እሑድ ነው)። ልጆቹ በትምህርት ቤት ከወረቀትና ከካርቶን የሠሩትን ስጦታ ደብቀው ያቆያሉ፤ በዕለቱ ጧት ቁርስ አሰናድተው አባታቸው ከአልጋው ሳይወርድ ያቀርቡለታል። አባት ሳይቀምስ ልጅ በማይቀምስበት ቤት ላደግን ለእኛ ማክበሩ እንግዳ አይደለም፤ የሚያስደንቀን አልጋ ላይ መብላቱ ነው። ነጋዴውም አይተኛም፤ ከረባትና ካልሲ በየመስኮቱ ይደረድራል። በልጅ እጅ የተሠራችው ካርድ ግን በእኛ ዓይን ትበልጣለች።

«እናንተስ መቼ ታከብራላችሁ?» ለሚል ሆላንዳዊ ጓደኛ መልሱ አጭር ነው። ከአያቶቻችን የወረስነው ቀን የለም፤ ይዘን የምንዞረው ስማቸውን ነው። በመዝገብ ቤት «የቤተሰብ ስም» በሚለው መስመር ላይ የምንጽፈው የአባታችን የራሳቸው ስም ስለሆነ፣ ፖስታ በመጣ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።