የባሮ አዳኝ ዓሦች በመስታወት ገንዳ፦ ተረትና እውነታ

ከጋምቤላ ተነስቶ ወደ ኢታንግና ወደ ትየርኪዲ ለሚሄድ ሰው ዓሣ ብርቅ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የትየርኪዲ መጠለያ አብዛኛው ነዋሪ ከደቡብ ሱዳን የመጣ ኑዌር ነው፤ ኑዌር ደግሞ ከከብቱ ቀጥሎ ዓሣን ያውቃል። የባሮ ተፋሰስ በዓሣ ዓይነት ብዛት በአገራችን ቀዳሚው ሲሆን፣ በሌላው ዓለም የአኳሪየም ወዳጆች በውድ የሚገዙት ቢቸር እዚህ የወንዝ ዓሣ ነው። ችግሩ የሚጀምረው አዳኝ ዓሣን ከማን ጋር እናኑር ሲባል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክርክር «በኩሬው አብረው ይኖሩ የለም እንዴ?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ክረምት ባሮ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ ዓሣው ሁሉ ይበተናል፤ ውሃው ሲሸሽ ትልቁም ትንሹም በአንድ ኩሬ ይቀራል። ግን ያ ኩሬ የሰላም መንደር አይደለም። ትንንሾቹ በአዳኞቹና በወፎች ይለቀማሉ፤ አየሩ ሲያጥር ደግሞ በስንጥብ ብቻ የሚተነፍሱት ያልቃሉ። አምባዛና ቢቸር የሚሰነብቱት ከውሃው በላይ ያለውን አየር መሳብ ስለሚችሉ ነው። እኛ የምናየው የተረፉትን ነው፤ የተበሉትን ማን ይቆጥራል?

«ከጠገበ አይነካም፣ ከልጅነታቸው አብረው ካደጉ ደግሞ ይላመዳሉ» የሚለውም እምነት ብዙ ዓሣ አስበልቷል። አዳኝ ዓሣን ለንክሻ የሚያነሳሳው ርሃብ ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። አብሮ ማደግም ቢሆን እኩል ማደግ አይደለም። ናይል ፐርች ሁለት ሜትርና 200 ኪሎ ሊደርስ የሚችል ዓሣ ነው፤ ዘንድሮ እኩያው የነበረው ቆሮሶ ከርሞ ምሳው ይሆናል። የናይል ፐርች ሆድ ሲከፈት ያልተፈጨ ቆሮሶ ቢወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተዋጠው በጭንቅላቱ በኩል ነው፤ እንዲያ ሲሆን የጀርባው እሾህ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ጉሮሮም አይወጋም። ስለዚህ ጎረቤት ሲመረጥ የሚለካው ጠባይ ሳይሆን የአዳኙ አፍ ስፋት ነው፤ ያውም የዛሬው ሳይሆን ሲያድግ የሚኖረው።

ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል የሚባለው ደግሞ ተረት ብቻ ሳይሆን ጭካኔም ነው። የቀጨጨ ዓሣ በቆሻሻ ውሃ የታመመ ዓሣ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱና ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 250 ሊትር ይይዛል፤ ከሜትር በላይ ሊያድግ የሚችል አምባዛ እዚያ ውስጥ መዞር እንኳ ያቅተዋል። አምባዛ ገንዳ ያጸዳል ማለትም አያስኬድም፤ እሱ ራሱ የሚያወጣው አሞኒያ ለውሃው ተጨማሪ መርዝ ነው፣ በጨለማ ደግሞ አፉ የሚችለውን ሁሉ ያድናል።

ታዲያ ማን ከማን ጋር? የኤሌክትሪክ አምባዛ ንዝረቱ እስከ 350 ቮልት ስለሚደርስ ብቻውን ይቀመጥ። በናይል ውሃ የሚገኘው ራሱን እንደ ኳስ የሚነፋው ዓሣም የጎረቤቱን ክንፍና ሥጋ በጥርሱ ይቆርጣልና እንዲሁ። ከሁሉም የሚሻለው 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሚያድገው ትንሹ የቢቸር ዓይነት ነው፤ ዓይኑ ደካማ ነው፣ የሚያድነው በማሽተት ነው። ቁመቱ የሚቀራረብ፣ አካሉ ሰፋ ያለ፣ ክንፍ የማይነክስ ጎረቤት ይበቃዋል። አየር ለመሳብ ብቅ ስለሚል ከውሃው በላይ ክፍተት ይተውለት፤ ዘሎ እንዳይወጣ ግን ክዳኑ ጥብቅ ይሁን። እሾኻም ትንሽ ዓሣ ግን አደራ! እሾሁን ገትሮ ስለሚቆልፍ የዋጠውም የተዋጠውም አብረው ሊሞቱ ይችላሉ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገንዳችሁ የጠበበውን የውጭ ዓሣ «ነፍሱ ትትረፍ» ብላችሁ ባሮ ውስጥ አትልቀቁ። ቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ሰው ባስገባው ናይል ፐርች ምክንያት በመቶ የሚቆጠሩ የራሱን የዓሣ ዝርያዎች አጥቷል። ለሚችል ሰው ስጡት፤ የሚችል ከሌለ መጀመሪያውኑ አትግዙት።