መንግሥት የሌለበት አገር፦ ጎረቤቶቻችን ያዩት

ሰሞኑን ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ የሚነሳ አንድ ወሬ አለ። «መንግሥት የሚባል ነገር ባይኖር ሰው ተስማምቶ ይኖር ነበር» ይላሉ ብዙዎች። አይፈረድባቸውም። እዚህ ካምፕ ያለን ሰዎች መንግሥትን የምናውቀው ሌሊት በር ሲያንኳኳ ነው። አባቶቻችንም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ ነው ያሳደጉን። ነገሩን ግን ወሬ ብቻ ነው ብለን አናልፈውም። የሽማግሌዎች ኮሚቴያችን «ማንኛውም ጠብ በሽምግልና ይለቅ፣ ፖሊስ ዘንድ የሚሄድ አይኑር» የሚል ረቂቅ ለጠቅላላ ስብሰባ አቅርቧል። ስለዚህ እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። መንገዱን ተሻግረው ያሉት የሶማሊያ ጎረቤቶቻችን ኖረውበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በጥር 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል በስም እንኳ ዓለም የሚያውቀው ማዕከላዊ መንግሥት አልነበረም። በ2000 ጅቡቲ ውስጥ፣ በ2004 ደግሞ ኬንያ ውስጥ የተቋቋሙትም ከስማቸው ብዙ ያለፈ ሥልጣን አልነበራቸውም። የሽግግር ያልሆነ መንግሥት የቆመው በ2012 ነው።

መጀመሪያው እጅግ ክፉ ነበር። በ1991 እና በ1992 ጦርነቱና ድርቁ ተባብረው ከ200,000 በላይ ሰው በረሃብ አልቋል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነገር መጣ። ማዕከላዊ ባንክ በሌለበት አገር ሽልንጉ መገበያያ ሆኖ ቀጠለ፤ ነጋዴው ተቀበለው፣ ሸማቹ ሰጠው፣ በቃ። የስልክ ኩባንያዎች ተከፈቱ፣ ዋጋቸውም በአፍሪካ ርካሽ ከሚባሉት ሆነ። ሐዋላው ከሚኒሶታም ከጅዳም የተላከን ገንዘብ በአንድና በሁለት ቀን ያደርስ ጀመር። ከብቱም በእግሩ እየተነዳ ጋሪሳ ገበያ ይገባ ነበር። ሞቃዲሾ ጄኔሬተር ያለው ሰው ለጎረቤቱ መስመር እየሳበ ያስከፍል ነበር። እኛስ ገበያችን ውስጥ መብራት የምናገኘው በዚሁ መንገድ አይደለም እንዴ?

ፒተር ሊሰን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር በ2007 ባወጣው ጥናት የባሬን የመጨረሻ ዓመታት ከ2000–2005 ጋር በ18 መለኪያዎች አነጻጽሮ፣ በ14ቱ ኑሮ ተሻሽሏል ብሏል። ባሬ በ1988 የራሱን ከተማ ሐርጌሳን በአውሮፕላን ያስደበደበ ሰው ነውና ከእሱ መሻል ያን ያህል ከባድ አይደለም። እኛ መምህራን ዓይናችን ያረፈው ግን ከቀነሱት ላይ ነው፤ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰውና ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ አንሶ ተገኝቷል። ምክንያቱ አይጠፋንም። ስልክ የሚደውል ሰው ወዲያው ይከፍላል፣ ኩባንያውም ያተርፋል። ፍየል የሚጠብቅ ሰው ልጅ ፊደል በመቁጠሩ ግን ዛሬ የሚያተርፍ ነጋዴ የለም። ክትባትም እንደዚሁ ነው። በ2005 ሶማሊያ ውስጥ ፖሊዮ ተመልሶ መጣ፤ በ2006 ደግሞ ድንበር አልፎ ዳዳብ ካምፕ ደረሰ። ኬንያ ከሃያ ዓመት በላይ ሳታየው የቆየችው በሽታ ነበር።

ገንዘቡም ቢሆን እንዳማረበት አልቆየም። የጦር አበጋዙም ነጋዴውም ውጭ አገር እያሳተመ አስገባና፣ የዓለም ገንዘብ ድርጅት በ2017 እንዳለው፣ በእጅ ከሚዘዋወረው ኖት 98 በመቶው ሐሰተኛ ሆነ።

የከብቱ ነገር ደግሞ ይገርማል። በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአፍሪካ ቀንድን ከብት ከለከለች፤ እገዳው የተነሳው በ2009 ነው። «ይህ በግ ጤነኛ ነው» ብሎ የሚፈርም፣ ፊርማውም የሚታመን መሥሪያ ቤት ሶማሊያ ውስጥ አልነበረምና አርቢው በሌላ ሰው ወረቀት ጥገኛ ሆነ። ልጆቻችን እዚህ የኬንያን ፈተና የሚወስዱት ለምን ይመስላችኋል? እኛ ራሳችን ሰርተፊኬት ጽፈን ብንሰጣቸው ከካምፑ በር የሚያልፍ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፍርዱ እንምጣ። ሶማሌዎች «ሔር» የሚሉት የአባቶች ሕግ አላቸው። ሰው ሲገደል ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ወገኑ ሁሉ አዋጥቶ ጉማውን ይከፍላል። በልማዱ ለወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50 ነው። እንደ ዕድር አስቡት፣ የሚዋጣው ግን ለበቀል ማብረጃ ነው። ይህ ሕግ ብዙ ደም አድኗል፤ የምንንቀው ነገር አይደለም። ነገር ግን ካሳ የሚያስከፍልልህ ብርቱ ወገን ከሌለህስ? በጁባ ወንዝ ዳር ያርሱ የነበሩትን ሶማሊ ባንቱዎች ተመልከቱ። በ1991 እና በ1992 የመጣ ታጣቂ ሁሉ እህላቸውን ዘረፈ፤ ጉማ የሚጠይቅላቸው ወገን አልነበረም። ወደ ዳዳብ ተሰደዱ። ከእነሱ 12,000 ያህሉ ወደ አሜሪካ ሊሄዱ ከ2002 ጀምሮ ወደ ካኩማ ሲዛወሩ፣ ያን ጊዜ ካኩማ የነበራችሁ አይታችኋል። የተደፈረች ልጅ ጉዳይም ቢሆን በሔር የሚያልቀው በሁለቱ ወገን ወንዶች ነው። ካሳው ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ልጅቷ ለደፈራት ሰው ትዳራለች። እሷ ከጉባኤው የለችም።

የሶማሌ ሽማግሌዎች ራሳቸው ይህን ያውቁታል ብለን እናምናለን። በ1993 ቦረማ ከተማ የሶማሌላንድ ጎሳ ሽማግሌዎች ለወራት ተቀምጠው መክረዋል። መሣሪያ ያለው ወጣት እንዲያስረክብ ተስማሙ፣ ፕሬዚዳንት መረጡ፣ ለራሳቸውም ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱን ያዙ። «ያለ መንግሥት እንችላለን» ቢሉ ማን ይከለክላቸው ነበር? ሞቃዲሾም ውስጥ በየኬላው መክፈል የሰለቻቸው ነጋዴዎች ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ገንዘብ አዋጡ፤ ፍርድ ቤቶቹም በ2006 አጋማሽ ከተማውን ይዘው ኬላዎቹን አነሱ። እስከ ዓመቱ መጨረሻም አልቆዩ፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ሽምግልናችንን እንወደዋለን። የዕቁብ ዕዳ፣ የአጥር ነገር፣ የቧንቧ ወረፋ ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ በሽማግሌ ይለቅ፤ ፖሊስ ምን አገባው? ሰው ሲሞት በአንድ ቀን አዋጥተን የምንቀብረውም ማንም አዞን አይደለም። ግን ሁለት ልጅ ይዛ ብቻዋን የመጣች ሴት ብትደበደብ፣ የደብዳቢው አጎት ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቢሆን፣ በእሷ በኩል ማን ይቀመጣል? ይህች ሴት በረቂቁ ውስጥ የለችም። ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ ነው፣ አስተርጓሚ አይገኝም፣ እጅ መንሻ የሚጠይቅም አለ የሚሉን ሰዎች እውነታቸውን ነው። ለዚህ መፍትሔው ስዋሂሊ የምትችል አንዲት ሴት ከተበዳይዋ ጋር እንድትሄድ መመደብና የቦዳ ቦዳውን ገንዘብ ከዕድሩ መክፈል ነው እንጂ በሩን መዝጋት አይደለም።

ስለዚህ እኛ መምህራን ለስብሰባው ሁለት ማሻሻያ እናቀርባለን። ደም የፈሰሰበት፣ ሴት የተደፈረችበትና ልጅ የተጎዳበት ጉዳይ ከሽምግልና ይውጣ። ከሰባቱ ሽማግሌዎች ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ። ስብሰባው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ረቂቁን ማንበብ ለማትችሉ እናቶች ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ግቢ ጮክ ብለን እናነብላችኋለን፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።