ከአሮጌ ቦርድ የወጣ ኦሲሌተር ለመስጂድ ሰዓት ይሆናል?



ወረታ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 1 ዲግሪ ያህል ስለምትርቅ ዙሁር እኛ ጋ 4 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ይገባል። ሰሌዳው ለአካባቢው ተስተካክሎ ቢሠራም ሰዓቱ ራሱ ከተዛባ ግን ጥቅም የለውም። በተራ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ከሚሊዮን 20 ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በዓመት 10 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ሰዓቱ ከቀደመ መግሪብ ሳይገባ ያስፈጥረናል።

አውሮፓ ውስጥ በሬዲዮ ራሱን የሚያስተካክል ሰዓት አለ። ጀርመን ማይንፍሊንገን ካለው ጣቢያ በ77.5 ኪሎኸርዝ የሚላከውን ምልክት ይቀበላል። ምልክቱ የሚሸፍነው 2,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሆነ እኛ ጋ አይደርስም። የእኛ አማራጭ ጂፒኤስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ክፍት ሰማይ ይመቻል። ጂፒኤሱ ሲቋረጥ ሰዓቱን ይዞ የሚቆየው ኦሲሌተሩ ነው። ጥሩ ኦሲሌተር ከተጣለ የቴሌኮም ቦርድ ላይ ሊገኝ ይችላል። የምንለየውም እንዲህ ነው፦

1. እግሩን ቁጠሩ። ባለ 2 እግሩ ክሪስታል ብቻ ነው፤ ለብቻው አይሠራም። ባለ 4 ወይም ባለ 5 እግር የብረት ሳጥን ኦሲሌተር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

2. ጽሑፉን አንብቡ። 10.000 የሚል ካለበት አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋኸርዝ ማለት ነው።

3. ከመንቀላችሁ በፊት ኃይል የሚሰጠውን ሬጉሌተር ፈልጉ። 7805 ከሆነ 5 ቮልት፣ 7812 ከሆነ 12 ቮልት ነው። ከሳጥኑ ብረት ጋር የተገናኘው እግር ብዙ ጊዜ ግራውንድ ነው፤ በመልቲሜትር አረጋግጡ።

4. ኃይል ሰጥታችሁ ከረንቱን ተከታተሉ። መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፕ ወስዶ ከደቂቃዎች በኋላ ከቀነሰና ሳጥኑ ከሞቀ፣ ውስጡ ማሞቂያ ያለው ኦሲኤክስኦ ነው። ጥቂት ሚሊአምፕ ብቻ ከወሰደና ካልሞቀ፣ ተራ ኦሲሌተር ወይም የሙቀትን ለውጥ በሰርኪዩት የሚያካክሰው ቲሲኤክስኦ ነው።

5. ሁለቱን ለመለየት ከጂፒኤሱ የሰከንድ ምት ጋር አነጻጽሩ። በሁለት ምት መካከል 10,000,000 መቁጠር አለበት። ጠዋት በብርዱና ቀትር ላይ በሙቀቱ ደጋግማችሁ ለኩ፤ ቁጥሩ እምብዛም ካልተለወጠ ጥሩ ነው።

በትክክለኛነት ኦሲኤክስኦ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከሞቀ በኋላም 1 ዋት ገደማ ይበላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚቆይ የመስጂድ ሰዓት ቲሲኤክስኦ ይሻላል። ከሚሊዮን 1 ቢሳሳት እንኳ ልዩነቱ በወር 3 ሰከንድ አይሞላም። ስለዚህ ሳጥኑ አልሞቀም ብላችሁ አትጣሉት።

ወላሁ አዕለም።