የመርሐ ግብር ክብደት፦ ከወልቂጤ እስከ ድሬዳዋ

የእግር ኳስ ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ አንድ ክለብ ስንት ጊዜ እንደተጫወተ፣ ስንቱን እንዳሸነፈ፣ በስንቱ አቻ እንደወጣና ስንት ነጥብ እንደሰበሰበ ይናገራል፤ ነጥቡ ከማን፣ መቼና በየትኛው ሜዳ እንደተገኘ ግን አይናገርም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የስፖርት ተንታኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ የመርሐ ግብር ክብደት ይባላል። አንድ ቡድን የገጠማቸውና ገና የሚገጥማቸው ቡድኖች ምን ያህል ጠንካራ እንደሆኑ፣ ግጥሚያዎቹም ምን ያህል በተመቸ ወይም ባልተመቸ ሁኔታ እንደተደለደሉ አስልቶ ከሌሎች ቡድኖች ጋር የሚያነጻጽር ነው። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጉዳዩ በየዓመቱ የክርክር ርእስ ቢሆንም ክርክሩ በቁጥር ተደግፎ ሲቀርብ እምብዛም አይታይም። በ2011 ዓ.ም የከፍተኛ ሊጉን ምድብ ለ በበላይነት አጠናቅቆ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው፣ ደጋፊዎቹ «ሠራተኞቹ» የሚሉት ወልቂጤ ከተማ በሊጉ የቆየባቸው ዓመታት ይህ ክብደት ምን ምን እንደሚያካትት ለማየት የተሻለ አጋጣሚ ይሰጣሉ።

መለኪያው በስፋት የሚሠራበት በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ነው፤ እዚያ «እግር ኳስ» የሚባለው በእጅ የሚያዘውና ሞላላ ኳስ ያለው ጨዋታ ቢሆንም ችግሩ ከየትኛውም ሊግ ጋር ይመሳሰላል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተቧድነው ይወዳደራሉ፤ ማኅበራቱ ግን በጣም ከመስፋታቸው የተነሳ የአንድ ማኅበር አባላት በአንድ የውድድር ዓመት ሁሉም ከሁሉም ጋር መጋጠም አይችሉም። የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ በ2024 እ.ኤ.አ ቴክሳስና ኦክላሆማ ተቀላቅለውት አባላቱ 16 ሲሆኑ እያንዳንዱ ቡድን በማኅበሩ ውስጥ የሚያደርገው ግጥሚያ 8 ብቻ ነበር፤ በሌላ አነጋገር ከ15 ተቀናቃኞቹ 7ቱን ሳያገኝ ዓመቱ ያበቃል። በዚያው ዓመት ለሻምፒዮናው የማጣሪያ ውድድር 12 ቡድኖች ሲመረጡ በራሱ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ተሸንፎ 2 ሽንፈት ያስመዘገበው የደቡባዊ ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ 3 ጊዜ የተሸነፈው አላባማ ቀረ። የአላባማ ወገኖች ክርክር በሙሉ የተመሠረተው የእነርሱ ተጋጣሚዎች ይበልጥ ከባድ ነበሩ በሚለው ስሌት ላይ ነበር።

ሁሉም ከሁሉም ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ በሚጋጠምበት ሊግ እንዲህ ያለ ክርክር መነሻ የሌለው ይመስላል። 16 ክለቦች ባሉበት ሊግ እያንዳንዱ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርጋል፣ በድምሩ 240 ግጥሚያ ይካሄዳል፣ ማንም ከማን ጋር ሳይገናኝ አይቀርም። በዚህም ቢሆን ፍጹም እኩልነት የለም፤ ምክንያቱም አንደኛ የሚወጣው ክለብ ከራሱ ጋር አይጫወትም። ለምሳሌ ሻምፒዮኑ በ65 ነጥብ፣ የመጨረሻው ደግሞ በ17 ነጥብ ቢያጠናቅቁ የሻምፒዮኑ 15 ተጋጣሚዎች አማካይ ነጥብ ከመጨረሻው ቡድን ተጋጣሚዎች አማካይ በ3.2 ያነሰ ይሆናል፤ ይህም በሁለቱ መካከል ያለውን የ48 ነጥብ ልዩነት ለ15 በማካፈል የሚገኝ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነውና ማንንም አያጣላም። የሚያጣላው ሌላው ነው፤ የግጥሚያዎቹ ቅደም ተከተል፣ የሚደረጉበት ከተማ፣ በመካከላቸው ያለው የዕረፍት ቀንና የጉዞና የማረፊያ ወጪ።

ቅደም ተከተሉን ለማውጣት የሚሠራበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ። አንዱ ክለብ በቦታው ይቆምና የቀሩት 15 በክብ ዙሪያ በየሳምንቱ አንድ አንድ እርምጃ ይዞራሉ፤ በየሳምንቱ ፊት ለፊት የተያዩት ይጋጠማሉ፤ ከ15 ሳምንት በኋላ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተገናኝቶ አንደኛው ዙር ያልቃል። ዕጣ የሚወጣው ክለቡ በክቡ ላይ የትኛውን ቁጥር እንደሚይዝ ለመወሰን ብቻ ነው፣ የቀረውን ሒሳቡ ይጨርሰዋል። ይሁንና የዚህ አሠራር አንድ ጠባይ ሳይስተዋል ያልፋል፤ በክቡ ላይ ከጠንካራ ክለብ ቀጥሎ የተቀመጠ ቡድን ብዙዎቹን ተጋጣሚዎቹን የሚያገኛቸው ያ ጠንካራ ክለብ ባለፈው ሳምንት ከገጠማቸው በኋላ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር 90 ደቂቃ ታግሎ ተከላካዩ የተጎዳበት፣ አማካዩ ቀይ ካርድ ያየበት ቡድን በቀጣዩ ሳምንት ለሚገጥመው ክለብ ቀለል ይላል። በተቃራኒው በደካማ ቡድን ላይ ግብ አዝንቦ ሞራሉ ከፍ ያለ ተጋጣሚን ሳምንት ሳምንት የሚቀበል ክለብም አለ። የዘርፉ የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ከአንድ ግጥሚያ ወደ ሌላው የሚሻገር ውጤት አድርገው ያጠኑታል፤ በኢትዮጵያ ግን የዕጣ አወጣጥ ሥነ ሥርዓቱን ተከትሎ የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የመጀመሪያው ጨዋታችን ከማን ጋር ነው» ከሚለው አያልፍም።

ጨዋታው በሜዳና ከሜዳ ውጪ ሲደረግ በነበረበት ጊዜ ሸክሙ በዋናነት የመንገድ ሸክም ነበር። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ቡድን በመጀመሪያ አዲስ አበባን ማለፍ ስላለበት የአንድ አቅጣጫ ጉዞው ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በከፍተኛ ሊግ የተጫወተው ቡታጅራ ከተማም አዲስ አበባ የሚደርሰው በጥያና በመልካ ቁንጥሬ በኩል ባለው መንገድ ነው። በዚያ ዘመን ከመንገዱ በላይ የከበደው የፀጥታ ነገር ነበር። በአማራና በትግራይ ክልል ክለቦች መካከል የሚደረጉ ግጥሚያዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ሲዛወሩና ቀናቸው ሲገፋ፣ የተስተካካይ ጨዋታዎች ብዛት ሰንጠረዡን ለሳምንታት የማይነበብ ያደርገው ነበር፤ አንዱ 18 ሌላው 15 ጨዋታ ባደረጉበት ሰንጠረዥ ላይ ማን እንደሚመራ መናገር ግምት እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ወልቂጤ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ መጫወት የጀመረበት የ2012 ዓ.ም ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ተቋርጦ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖረው ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም፣ የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር የሚያስተዳድረው ሊግ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ሜዳና ከሜዳ ውጪ የሚለው ሥርዓት ቀርቶ ሁሉም ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለተወሰኑ ሳምንታት እየተጫወቱ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወሩበት አሠራር መጣ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ። የትግራይ 3 ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት፣ በጦርነቱ ምክንያት ስላልተሳተፉ ተወዳዳሪዎቹ 13 ሆኑ። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን በየሳምንቱ አንድ ቡድን አራፊ ይሆናል፤ 24 ጨዋታ ለማድረግ 26 ሳምንት ያስፈልጋል። ዕረፍት ሁሉ እኩል እንዳይደለ ያኔ ታይቷል፤ ጉዳተኛ በበዛበት ሳምንት ለሚያርፍ ክለብ በረከት ነው፣ በተከታታይ እያሸነፈ ባለበት ለሚያርፍ ግን እግር ማሰሪያ ነው።

ተሰባስቦ መጫወት በወረቀት ላይ ሲታይ ክብደቱን ለሁሉም እኩል ያደርጋል፤ ሁሉም በአንድ ሜዳ፣ በአንድ አየር፣ በአንድ ከተማ ሆቴል። ነገር ግን ባለሜዳ የሌለበት ሊግ አልሆነም። ሐዋሳ ስታዲየም ለሐዋሳ ከተማና ለሲዳማ ቡና ቤታቸው ነው፤ አዳማ ለአዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ለድሬዳዋ ከተማ፣ ባሕር ዳር ለባሕር ዳር ከተማ እንዲሁ። በቀድሞው ሥርዓት እያንዳንዱ ክለብ ከጨዋታዎቹ ግማሹን በሜዳው ያደርግ ነበር፤ በአዲሱ ግን የአስተናጋጁ ከተማ ክለብ ለተከታታይ ሳምንታት ከቤቱ አልጋ ተነሥቶ ሲጫወት ወልቂጤን የመሰለ ክለብ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ በከተማው ደጋፊ ፊት አያደርግም ነበር። እነዚያ ሳምንታት ከየትኞቹ ተጋጣሚዎች ጋር እንደሚገጣጠሙ ደግሞ የሚወስነው የከተሞቹ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ባለሜዳ ለዋንጫ የሚፎካከሩትን ኢትዮጵያ ቡናን፣ ፋሲል ከነማንና ቅዱስ ጊዮርጊስን በከተማው ሊያገኛቸው ይችላል፤ ሌላው ባለሜዳ ደግሞ በዚያው ዓመት በከተማው የሚያገኛቸው ከወራጅ ቀጠና የማይርቁትን ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው እውነተኛ ጥቅም አግኝቷል፤ የሁለተኛው ጥቅም የሆቴል ኪራይ ማትረፍ ብቻ ነው።

የአየሩም ነገር ቀላል አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስትሆን ወልቂጤ ወደ 1,900፣ ቡታጅራ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በድሬዳዋ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጫወትና በዚያው ቀን ማምሻውን በመብራት የሚጫወት ቡድን ተመሳሳይ ሳር ላይ ቢሮጡም ተመሳሳይ ጨዋታ አላደረጉም። በተጨማሪም የአንድን ሳምንት ግጥሚያዎች በሙሉ በአንድ ሜዳ በአንድ ቀን ማካሄድ ስለማይቻል ሳምንቱ ለበርካታ ቀናት ይዘረጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ተጫውቶ በቀጣዩ ሳምንት የመጨረሻ ቀን የሚደርሰው ቡድን ከተቃራኒው የበለጠ ያርፋል፣ ዘግይቶ የሚጫወተውም የተፎካካሪውን ውጤት አውቆ ይገባል። የሰዓትና የቀን ድልድሉ በዓመቱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ክለብ ተደምሮ ቢታተም ስንት ጨዋታ በፀሐይ፣ ስንት በመብራት፣ ስንቱን በስንት ቀን ዕረፍት እንዳደረገ በአንድ ገጽ ይታይ ነበር፤ ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ደግሞ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በየሳምንቱ የሚያወጣው መርሐ ግብር ብቻ ነው።

በወልቂጤ ከተማ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የከበደው የገንዘቡ ጎን እንደነበር መናገር ይቻላል። ተጫዋቾችንና የአሠልጣኞች ቡድኑን ጨምሮ 35 ሰዎችን የያዘ ክለብ አንድ ወር በሌላ ከተማ ሲቆይ 1,050 የአንድ ሰው አዳር መክፈል አለበት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ቢያድሩ እንኳ 525 የክፍል ኪራይ ነው፣ ምግቡ፣ የልምምድ ሜዳውና መጓጓዣው ሳይቆጠር። የቴሌቪዥን ገቢው ይህን በከፊል ቢደግፍም ክለቡ በከተማው ቢጫወት ሊያገኝ ይችል የነበረውን የመግቢያ ትኬት ገቢና ከከተማው ነጋዴ የሚመጣውን ድጋፍ አይተካም፤ ቡድኑን በዓይኑ ያላየ ደጋፊ ኪሱን ለመፍታት ይዘገያል። የተጫዋቾች ደመወዝ መዘግየት በክለቡ ላይ በተደጋጋሚ መሰማቱ ይታወቃል። የወልቂጤን ችግር በመርሐ ግብሩ ብቻ ማሳበብ ስሕተት ይሆናል፤ በበጀት ከአቅም በላይ መዋዋል በብዙ የከተማ አስተዳደር ክለቦች ዘንድ ያለ በሽታ ነው፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ያለፉ ሌሎች ክለቦችም ጸንተው ቆመዋል። ሆኖም አሠራሩ ለሀብታምና ለድሃ ክለብ አንድ ዓይነት ሒሳብ ሲያቀርብ፣ ሒሳቡ የሚከብደው በማን ላይ እንደሆነ አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር።

ቁጥሩን ወደ መስኩ ስንመልሰው የተጋጣሚዎችን ክብደት ማስላት ከባድ ሥራ አይደለም። የእያንዳንዱ ተጋጣሚ በጨዋታ በአማካይ የሚሰበስበው ነጥብ ይወሰዳል፣ ከክለቡ ጋር ራሱ ያደረገው ግጥሚያ ከስሌቱ ይወጣል፣ ከዚያም የሁሉም አማካይ ይሠራል። አንድ ክለብ ከ5 ጨዋታ 9 ነጥብ ቢይዝና ተጋጣሚዎቹ በአማካይ 0.8 የሚሰበስቡ ቢሆኑ፣ ሌላው ደግሞ 6 ነጥብ ይዞ ተጋጣሚዎቹ 1.7 የሚሰበስቡ ቢሆኑ፣ በሰንጠረዡ ላይ በ3 ነጥብ የቀደመው የመጀመሪያው ነው፤ አሠልጣኙን ለማሰናበት የሚቸኩል የክለብ ቦርድ ግን ሁለተኛውን ከማሰናበቱ በፊት ይህን ቁጥር ቢያይ መልካም ነበር። በሊጋችን አሠልጣኞች ከጥቂት ሳምንታት ውጤት በኋላ መሰናበታቸው የተለመደ ስለሆነ ስሌቱ የሚጠቅመው ለጋዜጠኛ ብቻ አይደለም።

የ2013ቱ ውድድር መጨረሻ ሌላ ዓይነት ሚዛንም አምጥቶ ነበር። የጎደሉትን ቦታዎች ለመሙላት ከፕሪሚየር ሊጉ ግርጌ የነበሩት ወልቂጤ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና አዳማ ከተማ በከፍተኛ ሊጉ 3 ምድቦች ሁለተኛ ከወጡ ክለቦች ጋር በሐዋሳ የማሟያ ውድድር አደረጉ፤ ቦታዎቹንም 3ቱ የሊጉ ክለቦች አስጠበቁ። ዓመቱን ሙሉ የተሠራ ሥራ በጥቂት ግጥሚያዎች ተመዘነ ማለት ነው። ወልቂጤ ከዚያ በኋላ እስከ 2016 ዓ.ም በሊጉ ቆየ። በ2017 ዓ.ም የትግራይ 3 ክለቦች ሲመለሱ ተሳታፊዎቹ 19 ሊሆኑ ነበር፤ ወልቂጤ ከተማ የክለብ ፈቃድ መስፈርቱን ባለማሟላቱ ከሊጉ ውጪ ሆነና 18 ቀሩ።

ከታች ተነሥቶ ለመመለስ የሚሞክር ክለብ የሚገባበት ከፍተኛ ሊግ ደግሞ ከአሜሪካው ኮንፈረንስ ጋር በእውነት የሚመሳሰለው እርከን ነው። ወልቂጤ ባደገበት በ2011 ዓ.ም 36 ክለቦች በ3 ምድብ ተከፍለው ከየምድቡ አንደኛው ብቻ አደገ፤ ምድብ ሀን ሰበታ ከተማ፣ ምድብ ሐን ሀዲያ ሆሳዕና አሸነፉ። በአንድ ምድብ 12 ክለብ ሲኖር 22 ጨዋታ ይደረጋል፣ ከሌሎቹ 24 ክለቦች ጋር ግን አንድም ግጥሚያ የለም፤ ስለዚህ የአንዱ ምድብ ሁለተኛ ከሌላው ምድብ አንደኛ የተሻለ ቡድን ይሁን አይሁን ከነጥቡ ሊታወቅ አይችልም። የወልቂጤና የቡታጅራ ክለቦች በተለያየ ምድብ ቢመደቡ አንዱ 45 ሌላው 40 ነጥብ መያዛቸው የሚናገረው ስለምድቦቻቸው እንጂ ስለሁለቱ ብልጫ አይደለም። በፕሪሚየር ሊጉ የተጋጣሚ ክብደት በዓመቱ መጨረሻ እየተቀራረበ ሲሄድ በከፍተኛ ሊጉ ድልድሉ በወጣበት ቀን ተወስኖ ያድራል፤ የምድቦቹ ጥንካሬ ባለፉት ዓመታት ውጤት ተመዝኖ፣ ጠንካሮቹ ክለቦች በየምድቡ እንዲበታተኑ ተደርጎ ዕጣ ቢወጣ ግን ልዩነቱ ከግጥሚያው በፊት ይጠብ ነበር።