«የትኛው በሬ?»

እኛ ከዩኒቨርሲቲ መጥተን ማታ ማታ ፊደል ስናስቆጥር፣ ብዙ ወላጆች «እኛ ገና ትናንት የተማርን ሰዎች ለልጆቻችን ምን ልናስተምር እንችላለን?» ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው። መጻፍ ለሚለማመድ ልጅ በጣም የሚያስፈልገው ጠያቂ ነው። ጠያቂ ለመሆን ደግሞ ብዙ መማር አያሻም።

አንድ ማታ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ደብተሯን ይዛ ከእናቷ ጋር መጣች። እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«ሁለት በሬዎች ነበሩን። በሬው ጠፋ። እናቴ አለቀሰች።»

ፊደሉ አልተሳሳተም። ነገር ግን ሰሚው ብዙ ነገር ይቀርበታል። ስለዚህ «የጠፋው የትኛው በሬ ነው?» ብለን ጠየቅናት።

«ቀዩ ነዋ! አባባ ሳይሞት የገዛው» አለች።

«እንግዲያው አሁን በአፍሽ ያልሽውን ጻፊው» አልናት። ጻፈችና አነበበች፦

«አባቴ ሳይሞት የገዛው ቀይ በሬ ጠፋ። እናቴ አለቀሰች።»

እናቷ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። የልቅሶው ምክንያት ያን ጊዜ ለሁላችንም ገባን።

ልጅቷ ምን አደረገች? አንዱን ዐረፍተ ነገር በሌላው ውስጥ አስገባች። «አባቴ በሬ ገዛ» የሚለው «አባቴ የገዛው በሬ» ሆነ። ይህን ሥራ የሠራችው «የ» ናት። ድርጊቱን ከሚናገረው ቃል ፊት ትገባለች።

ነገሩ ያለፈ ሲሆን፦ «ገዛ»፣ «የገዛው በሬ»።
የተለመደ ወይም ወደ ፊት የሚሆን ሲሆን፦ «ይወጋል»፣ «የሚወጋ በሬ»።
ያልሆነ ነገር ሲሆን፦ «አላረሰም»፣ «ያላረሰ በሬ»፤ «አያርስም»፣ «የማያርስ በሬ»።

ይህን ለልጅ ማሸምደድ አያስፈልግም። ሁላችንም በየቀኑ የምንናገረው ነው። ልጁም በአፉ ያውቀዋል፤ የሚጠፋበት እርሳስ ሲይዝ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ. ልጁ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ።
2ኛ. አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ «የትኛው?» በሉት።
3ኛ. በአፉ የመለሰውን እዚያው ቦታ ላይ ያስገባ።
4ኛ. እንደገና ያንብብ።

ይሁን እንጂ ሁሉንም ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማጨቅ ጥሩ አይደለም። «በሬ የሰረቀው የጎረቤታችን ልጅ መጣ» ቢባል፣ ሰሚው «ሌባው አባትየው ነው ወይስ ልጁ?» ሊል ይችላል። በዚህ የሰው ስም ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ነገሩን ለሁለት ከፍሎ መጻፍ ይሻላል። ደግሞም «እናቴ አለቀሰች» የምትለውን አጭር ቃል እኛ አልነካናትም። ያለ ምንም ጭማሪ ልብ ትነካለችና።

በማግስቱ እናትየዋ ራሳቸው ወረቀትና እርሳስ ጠየቁን። ቀስ እያሉ፣ ፊደል በፊደል፣ ለቀበሌው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ግራ ቀንዱ የተሰበረ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ በሬ ጠፍቶብኛል።» ያን ወረቀት ያነበበ ሁሉ በሬውን ከመቶ በሬ መካከል ሊለየው ይችላል። «የትኛው?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው አላስፈለገም፤ መልሱን አስቀድመው ጽፈውታልና።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁ ደብተሩን ሲያወጣ አጠገቡ ተቀመጡ። ካነበበላችሁ በኋላ «የትኛው?» በሉት።