አንድ ሊትር በማን ዕቃ?

ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የሚሰጠው ለምለም የተባለው ዱቄት ተአምር የለውም፤ ጨው፣ ስኳር፣ ፖታስየምና ሲትሬት ነው። ሕይወት የሚያድነው ልኩ ነው። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው ካነሰ ጨው በዝቶበት የተዳከመውን ሕፃን ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ውሃው ከበዛም ከሰውነቱ የወጣውን ጨው በቅጡ አይተካለትም። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ የመድኃኒቱ አካል ነው።

ችግሩ፣ ሊትር በየቤቱ የለም። ይህን ጠንቅቆ የተረዳው ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በሙከራ ጀምሮ በማግሥቱ ዓመት ወደ ሰፊው ገጠር ሲወጣ በፓኬት ላይ አልተማመነም። ሴት ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን በቃል አስተማሩ፦ በሦስት ጣት ቁንጥር ጨው፣ አንድ ጭብጥ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ግማሽ ሴር ውሃ። ሴር የያኔው የአገሩ መስፈሪያ ነው፤ ግማሹ ወደ ግማሽ ሊትር ይጠጋል። የውሃው ልክ እንዳይጠፋ ምልክት የሚደረገው እናትየዋ በምትጠቀምበት በራሷ ዕቃ ላይ ነው። ከዚያ አስተማሪዋ ቁጭ ትልና እናትየዋ በጥብጣ ታሳያለች።

የእኔን ቀልብ የሳበው ግን የአስተማሪዎቹ ደመወዝ ነው። ከወር ገደማ በኋላ ሌላ ሠራተኛ ከተማሩት እናቶች ጥቂቶቹን በዕጣ መርጦ ይጠይቃል። ከተነገራት ምን ያህሉን ታስታውሳለች? ስትበጠብጥስ ልኩን ትጠብቃለች? የአስተማሪዋ ክፍያ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነበር። እናትየዋ ከረሳች ጥፋቱ የእናትየዋ አይደለም። መመሪያ የምንጽፍ ሰዎች በዚህ ሒሳብ ቢከፈለን ስንቶቻችን ጦማችንን ባደርን!

ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ የተማሩትን በሥራ ያዋሉት ጥቂቶች ነበሩ። ሲጣራ፣ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ተቅማጥ ሲይዛቸው አይጠጡትም፤ ያላመኑበትን ነበር የሚያስተምሩት። የቤቱን አባወራም የነገረው አልነበረም። ይህ ከታረመ በኋላ ነገሩ ተለወጠ፤ በ10 ዓመት ግድም ትምህርቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ደረሰ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በብዙ ቤት የሊትር መለኪያው ሃይላንድ ነው። ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን የግማሽም፣ የአንድም፣ የሁለትም ሊትር አለ፤ «በአንድ ሃይላንድ በጥብጪው» የተባለች እናት የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለች?

ፋርማሲ ስንገባ ጣጣው ይብሳል። ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል የታተመ እንግሊዝኛ ነው። ገዢው ይዞ የሚሄደው ባለሙያው በእስክሪብቶ የጻፈለትን «1×3» ነው። ለለመደው ግልጽ ነው፤ ላለመደው ግን አንዱን በሦስት ቀን ይሁን ሦስቱን ባንድ ጊዜ አይናገርም። በቃል «በቀን ሦስት ጊዜ» ቢባልም ብዙ ሰው ቁርስ፣ ምሳና እራት ብሎ ይወስደዋል። እንዲህ ሲሆን በየ8 ሰዓቱ መዋጥ ያለበት ፀረ ባክቴሪያ ከእራት እስከ ቁርስ 12 ሰዓት ያህል ይቋረጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የማብቂያው ቀን ነው። ካርቶኑ ላይ የሚታተመው የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ገዢው የሚኖረው በእኛው አቆጣጠር ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. «06/2025» የሚል መድኃኒት የገዛ ሰው ገና ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያለው ሊመስለው ይችላል። መድኃኒቱ ግን ያበቃው በሰኔ ነው። አገር ውስጥ የሚመረተው ላይ ፋብሪካው «ሰኔ 2017» ብሎ ጎን ለጎን ቢያትምበት፣ ከውጭ የሚገባው ላይ ደግሞ አስመጪው ትንሽ ወረቀት ቢለጥፍበት የሚጨመረው አንድ የወር ስምና አራት አኃዝ ነው።