ለደብረ ታቦር የሚሄደው መድኃኒት በምን ሒሳብ ይታዘዛል?

ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በከተማይቱና በዙሪያዋ ባሉት በፋርጣ፥ በላይ ጋይንትና በእብናት ወረዳዎች የሚገኙት የጤና ተቋማት ከሚሠሩበት መድኃኒት ብዙው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው ጭነት በአዲስ አበባና በባሕር ዳር በኩል አልፎ ወረታ ከደረሰ በኋላ የደጋውን ዳገት ይወጣል። መንገዱ ረዥም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በሽተኛው መድኃኒት አጥቶ እንዲመለስ የሚያደርገው የመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ጉድለትም ነው።

ለመንግሥት የጤና ተቋማት መድኃኒት የሚያቀርበው መሥሪያ ቤት በዐዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይባላል። መሥሪያ ቤቱ መድኃኒቱን በጅምላ ገዝቶ በቅርንጫፎቹ አማካይነት ያከፋፍላል። ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ ነው።

የሚከፋፈለውም በሁለት ይከፈላል። የሳንባ ነቀርሳ፥ የኤች አይ ቪና የወባ መድኃኒት፥ እንዲሁም ክትባት ለሕዝቡ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሌላው ግን ተዘዋዋሪ ፈንድ በሚባለው ገንዘብ ተገዝቶ ለተቋማቱ በዋጋ ይሸጣል፤ የሽያጩም ገንዘብ ለሚቀጥለው ግዥ ይውላል። ማናቸውም ነጋዴ እንደሚያውቀው፥ በዱቤ የወጣው ዕቃ ዋጋው በጊዜው ካልተመለሰ ሁለተኛው ጭነት አይገዛም። ስለዚህ የአንዱ ሆስፒታል ውዝፍ ዕዳ የሌላውን ሆስፒታል መደርደሪያ ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የትእዛዙ ቁጥር ነው። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ምን ያህል እንዳወጣና ምን ያህል እንደቀረው በሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ላይ ጽፎ ይልካል። ደንቡ የሁለት ወሩን ፍጆታ በሁለት አባዝቶ፥ በእጅ ያለውን ቀንሶ፥ የቀረውን ማዘዝ ነው፤ ይኸውም ከአራት ወር ስንቅ እንዳይበልጥ ነው። ለምሳሌ 300 እሽግ ያወጣና 100 የቀረው ጤና ጣቢያ 500 ያዝዛል።

ነገር ግን መድኃኒቱ አንድ ወር ሙሉ ጠፍቶ ቢከርም፥ በሁለቱ ወር የወጣው 150 ብቻ ይሆናል። ጸሐፊው ይህንኑ እንዳለ በሁለት ቢያባዛው 300 ያዝዛል፤ ትክክለኛው ግን የጠፋበትን ወር አስቦ 600 ማዘዝ ነው። እንግዲህ ይህ ካልታረመ፥ ያለፈው እጥረት የሚመጣውን እጥረት ይወልዳል። አብዝቶ ማዘዝም መፍትሔ አይደለም፤ የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበት መድኃኒት መቃጠሉ የገንዘብ ኪሳራ ነውና።

ቁጥሩም ቢሆን የሚታመነው የበሽታው ስም በትክክል ሲታወቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር በተነሣ ጊዜ፥ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። በሽታው ከታወቀ በኋላ ሕሙማኑ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ መታከም ጀመሩ። ስሙ ላልታወቀ በሽታ የሚሆን መድኃኒት በመጠየቂያ ቅጽ ላይ ሊጻፍ እንደማይችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መድኃኒቱ በጤና ተቋሙ ሲታጣ፥ ገበሬው የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ዋጋውንም ከኪሱ ይከፍላል፤ የሌለውም ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህንን ለማስቀረት አዲስ መጋዘንና ብዙ የጭነት መኪና ማስፈለጉ ባይካድም፥ ከሁሉ አስቀድሞ ዕዳን በጊዜው መክፈልና የጠፋበትን ቀን ሳይቀር በእውነት መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህም እያንዳንዱ ተቋም የሌላ ርዳታ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ነው።